ከፍራንክፈርት በባቡር ደርሶ መልስ፦ ለሁለት ሰው የሚሆን ጸጥ ያለ ጥንታዊ ከተማ የት አለ?

ሰብለ ከኦፈንባህ

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ምክር ፈልጌ ነው። ከመስቀል በፊት ያለው ቅዳሜ የጋብቻችን በዓል ነው። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ አየር ማረፊያ ዕቃ ይጭናል። ፈረቃችን አይገናኝም። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ለዚያች ቅዳሜ ግን ሁለታችንም አስፈቅደናል። ልጃችንን እህቴ ትይዝልናለች፤ ማታ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ቤት መድረስ አለብን።

መኪና የለንም። ሁለታችንም ዶይቸላንድቲኬት (ከፈጣኖቹ በቀር በመላው ጀርመን ባቡሮች የሚያስኬደው ወርሃዊ ቲኬት) አለን። ሃይደልበርግን አይተነዋል፤ ቅዳሜ ሰው በሰው ነው። ሩደስሃይምም ያው ነው። የምንፈልገው አሮጌ ቤቶች ያሉበት፣ በእግር የሚዞሩት፣ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ከተማ ነው። ባለቤቴ ሙዚየም ለሙዚየም መዞር አይወድም፤ ታሪክ ሲነግሩት ግን ደስ ይለዋል። የት ትሉናላችሁ?

ጌች

እንኳን አደረሳችሁ! ኢድሽታይን ሂዱ። በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ጥንታዊ ግንብ አለው፣ የተጣመመ ቤት አለው፣ በ1615 የተሠራ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ ቤት አለው። እሱን ጨርሳችሁ በዚያው መስመር ሊምቡርግ፤ ከዚያ ባቡር ቀይራችሁ ቫይልቡርግ። ቫይልቡርግ ቤተ መንግሥትም አለው፣ በ1847 የተከፈተ ጀልባ የሚያልፍበት ዋሻም አለው። በጠዋት ከተነሳችሁ ሦስቱንም ታዳርሳላችሁ።

የአቤል እናት

ሰብለ እህቴ፣ እንኳን አደረሳችሁ። እኔ የምልሽ ሊምቡርግ ነው፤ ሊምቡርግ ብቻ። ጌች ወንድሜ፣ ያልካቸው ከተሞች ቆንጆ ናቸው። ሦስቱን በአንድ ቀን ግን አልመክርም። ሰዓት ሲያዩ፣ ወደ ጣቢያ ሲጣደፉ ቀኑ ያልቃል። ሰብለና ባለቤቷ ዓመቱን ሙሉ ሰዓት እያዩ ነው የሚኖሩት። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል።

እኔ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። በእረፍቱ ቀን መሪ መጨበጥ አይፈልግም፤ ስለዚህ ሽርሽራችን ሁሉ በባቡር ነው። ባቡር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ያወራል። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ያልነገረኝን ከኢድሽታይን እስከ ባድ ካምበርግ ባለው መንገድ ይነግረኛል። ስለዚህ ባቡሩንም የሽርሽሩ አካል አድርጊው። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

ከሃውፕትባንሆፍ (ከፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ) ኤርኤ 20 የሚባለውን ባቡር ያዙ። በኒደርንሃውዘን፣ በኢድሽታይንና በባድ ካምበርግ አድርጎ ሊምቡርግ ይገባል። አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ቲኬታችሁ ይሠራል። ይህን የምታነቡና ወርሃዊ ቲኬት የሌላችሁ ደግሞ ሄሰንቲኬት የሚባለውን የክልሉን የቀን ቲኬት ግዙ። በአንዱ ቲኬት እስከ አምስት ሰው ይሄድበታል። በሥራ ቀን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፊት አይሠራም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሊምቡርግ ሁለት ጣቢያ አላት። ሊምቡርግ ዙድ የሚባለው በ2002 ለፈጣኑ ባቡር የተከፈተ ነው፤ ከከተማው ወጣ ይላል። እዚያ የሚቆመው ኢሴኤ ነው፤ ዶይቸላንድቲኬት ደግሞ ኢሴኤ ላይ አያስኬድም። የባቡር መተግበሪያው «ሊምቡርግ ዙድ» ብሎ ካሳያችሁ እለፉት። የእናንተው «ሊምቡርግ ላን» የሚለው ነው። ላን የወንዙ ስም ነው።

ከጣቢያው ስትወጡ ባንሆፍሽትራሰን ይዛችሁ ቀጥ በሉ። መጀመሪያ የምታዩት እንደማንኛውም የጀርመን ከተማ ሱቅ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ስትሄዱ መንገዱ ይጠብባል፣ የድንጋይ ንጣፉ ይጀምራል፣ ቤቶቹም ወደ መንገዱ ያዘነብላሉ። ከዚያ በኋላ ካርታ አያስፈልጋችሁም። አሮጌው ከተማ ትንሽ ነው፤ የትም ብትገቡ ወይ ወንዙ ጋ ወይ ካቴድራሉ ጋ ትወጣላችሁ።

እኛ ፍራንክፈርት ሮመር አደባባይ ላይ ቆመን ፎቶ የምንነሳባቸው ቤቶች በ1980ዎቹ እንደገና የተሠሩ ናቸው። አሮጌዎቹ በ1944 በቦምብ አልቀዋል። የሊምቡርግ አሮጌ ከተማ ግን ከጦርነቱ ተርፏል። ሮመር በሚባለው መንገድ ላይ (ስሙ ከፍራንክፈርቱ ጋር አንድ ነው) ቁጥር 2፣ 4፣ 6 የሆነውን ቤት ፈልጉ። በ1289 የተሠራ ነው። በጀርመን ከቆሙት በጣም አሮጌ የእንጨት ቤቶች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ይኩኖ አምላክ ካረፉ ገና አራት ዓመታቸው ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው።

ባለቤቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። አባቱ ቤት ሲሠሩ ጭቃ ሲረግጥ ነው ያደገው። እዚያ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ አየውና «ይሄማ የእኛው የጭቃ ቤት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እንጨቱን ያቆማሉ፣ በመካከሉ ቀጭን እንጨት ይጠላልፋሉ፣ ጭቃውን በጭድ አቡክተው ይመርጋሉ፣ ከላይ ኖራ ይቀባሉ። ምሰሶው የት እንደሚገባ፣ ማገሩ ለምን እንደማይበሰብስ፣ ጭዱ ለምን እንደሚጨመር ሁሉን ነገር ያስረዳኝ ጀመር። ብዙ ዓመት አብረን ኖረን ያን ሁሉ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሰብለ፣ ባልሽ ሙዚየም ባይወድም ይህችን መንገድ ይወዳታል።

ከፊሽማርክት (ከድሮው የዓሣ ገበያ አደባባይ) ቁልቁል ወደ ድልድዩ በምትወስደው ብሩከንጋሰ ላይ ደግሞ የሰባቱ ኃጢአቶች ቤት አለ። ቁጥሩ 9 ነው፤ የተሠራው በ1567። እንጨቱ ላይ ሰባት ፊቶች ተቀርጸዋል፦ ትዕቢት፣ ስስት፣ ቅናት፣ ዝሙት፣ ሆዳምነት፣ ቁጣ፣ ስንፍና። የትኛው ፊት የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ለብቻችሁ ገምቱ፣ ከዚያ ተነጋገሩ። እኛ በቁጣና በቅናት ላይ ተከራክረን መንገደኛ ሴትዮ ቆመው አስታረቁን።

ካቴድራሉ ከወንዙ በላይ በቋጥኝ ላይ ነው። ሰባት ማማ አለው። ወደ ኮሎኝ በኤ3 አውራ ጎዳና የሄደ ሰው ሁሉ ከሩቅ አይቶታል፤ የድሮው 1000 ማርክ ብር ጀርባ ላይም እሱ ነበር። የተባረከው በ1235 ነው፤ ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ብዙም አይርቅም። ከውጭ ነጭ፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። አዲስ ይመስላል፤ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲያድሱት የጥንቱን ቀለም ቅሪት ተከትለው ነው የመለሱት። ውስጡም በግድግዳው ላይ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉ። ቤቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ እግሬ ራሱ ወደ ውስጥ ወሰደኝ። ጸሎት ላይ ካሉ ግን ከኋላ ተቀመጡ፤ መዞሩ ይቆይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ሊምቡርግ ውስጥ ግማደ መስቀል አለ። ከካቴድራሉ ወረድ ብሎ ዶምሽትራሰ ላይ የሀገረ ስብከቱ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ነው ያለው። በቁስጥንጥንያ የተሠራ፣ ከእንጨት የሆነ በወርቅና በብር የተለበጠ፣ በዕንቁ ያጌጠ ሣጥን ነው። ቁመቱ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ሣጥኑ የተሠራው በ960ዎቹ አካባቢ ነው። ክዳኑ ላይ ክርስቶስ በዙፋን ተቀምጧል፤ ከግራና ከቀኝ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ፣ ከዚያ መላእክትና ሐዋርያት። ቀለሙ ቀልጦ ወርቁ ውስጥ የፈሰሰ መስታወት ነው። ሰማያዊው ከሺህ ዓመት በኋላ እንኳ አልደበዘዘም። በውስጡ ሁለት አግዳሚ ያለው መስቀል አለ፣ የጌታ መስቀል ነው ተብሎ የሚታመነውን እንጨት የያዘ። ዙሪያውንም ሌሎች ቅዱሳት ንዋያት የሚቀመጡባቸው ትናንሽ ክፍሎች አሉ። በመስቀሉ ላይ በግሪክኛ የንጉሥ ቆስጠንጢኖስና የንጉሥ ሮማኖስ ስም ተጽፏል። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያስቆፈሩለት ቆስጠንጢኖስ አይደለም፤ ከእሱ 600 ዓመት በኋላ የነገሠ ሌላ ነው።

እኔ መስቀል ደመራ ላይ ያደግሁ ነኝ። ግሸን ማርያምን ለመሳለም ተስዬ ሳልሄድ ነው የወጣሁት። ብዙ ዓመት ፍራንክፈርት ኖሬ ይህ ነገር በባቡር አንድ ሰዓት ርቀት ላይ እንዳለ አንድም ሰው አልነገረኝም። የነገሩኝ እዚያ መጦሪያ ቤት የምንከባከባቸው አንዲት ካቶሊክ አሮጊት ናቸው። አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አይተው ጠየቁኝ፤ ስለ መስቀል በዓል ነገርኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስለዚህ ነገሩኝ። በየዓመቱ ደመራ የምንለኩስ ሰዎች እዚህ እየኖርን አለማወቃችን ያሳዝነኛል። ሰብለ፣ እናንተ ደግሞ የምትሄዱት በመስቀል ሰሞን ነው።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ ባልሽን አያደክመውም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን ከድረ ገጹ አረጋግጡ፤ የመክፈቻው ሰዓት እንደ ወቅቱ ይለያያል። ሌሎቻችሁ ሰኞ አትሂዱ፤ በዚህ አገር ሙዚየሞች በአብዛኛው ሰኞ ዝግ ናቸው።

ታሪክ ወዳድ

የአቤል እናት፣ አመሰግናለሁ፤ እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያ ግማደ መስቀል በስጦታ የመጣ አይደለም። በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ሲዘርፉ ሃይንሪሽ ፎን ኡልመን የሚባል ባላባት ይዞት መጣ። ሞዘል ወንዝ ዳር ላለ የሴቶች ገዳም ሰጠው። ሊምቡርግ የገባው ከብዙ ዝውውር በኋላ ነው። ክርስቲያን የክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን ዘርፎ ያመጣው ነው። እዚያ ቆሜ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም። ደግሞስ እውነተኛው እንጨት መሆኑን በምን እናውቃለን?

የአቤል እናት

ታሪክ ወዳድ፣ ልክ ነህ፤ ባለቤቴም እዚያው ቆሞ መቅደላን ነው ያነሳው። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱትን እናውቃለን። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። ለማንም አይታዩም፤ አልተመለሱምም። ስለዚህ የግሪኮቹ ሐዘን ለእኛ ባዕድ አይደለም። እኔ እዚያ ስቆም ሁለቱም ስሜት ነበረኝ። እንባዬም መጣ፣ ተናደድኩም። ይህ ግን ላለመሄድ ምክንያት አይሆነኝም። እንዲያውም የተዘረፈበት ሕዝብ ሄዶ ሲያየው፣ ለልጁም ከየት እንደመጣ ሲነግረው ነው የሚሻለው። አቤልን በሚቀጥለው ይዤው እሄዳለሁ፤ ስለ 1204ም ስለ መቅደላም እነግረዋለሁ።

እንጨቱን በተመለከተ እኔ ሊቅ አይደለሁም። ሣጥኑና ጽሑፉ የቁስጥንጥንያ ነገሥታት ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ያ ሁሉ ወርቅና ዕንቁ የተደረገለት እውነት ነው ብለው ስላመኑ ነው። ከዚያ ያለፈው የእምነት ጉዳይ ነው። እኔ ሰላምታ ሰጥቼ፣ አማትቤ ወጣሁ። ጥያቄ ያለው የንስሐ አባቱን ያማክር።

ሰብለ ከኦፈንባህ

የአቤል እናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የጭቃ ቤቱ ጋ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። እሱም የገጠር ልጅ ነው። ሊምቡርግን ወስነናል። ጌች፣ አንተንም አመሰግናለሁ፤ ኢድሽታይንን ለሌላ ቀን ይዘነዋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ ካቴድራሉ ጋ ያለው አቀበት ይከብዳል? ምሳ ደግሞ የት እንብላ? ውድ ነገር አንፈልግም።

ጌች

እኔም ተሸንፌያለሁ፤ ሊምቡርግ ይሁን። ከዘነበ ብቻ አስታውሱ፦ ከጣቢያው ጀርባ ቬርክሽታት የሚባል የገበያ ማዕከል አለ። ድሮ የባቡር መጠገኛ ነበር። ዝናቡ እስኪያልፍ ቡና ይጠጣበታል።

የአቤል እናት

ሰብለ፣ አቀበቱ አጭር ነው፤ ግን ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ጫማ ይወስነዋል። ሁለታችሁም ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ። ተረከዝ ያለው ጫማሽን ለፎቶ ብለሽ እንዳትይዢ። ፊሽማርክት ጋ ስትደርሱ አንድ ጊዜ አረፍ በሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ የቀረው ትንሽ ነው። ካቴድራሉን ከዞራችሁ በኋላ ከጀርባው ወንዙን ቁልቁል የምታዩበት ቦታ አለ፤ እዚያም ተቀመጡ። ጉልበቱ እምቢ ካለ ደግሞ አሮጌው ድልድይ ላይ ሆናችሁ ወደ ላይ ማየት ይበቃል። የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድልድይ ነው፤ ግንቡም አሁንም በአንድ ወገን ቆሟል። ለእኔ ካቴድራሉ ከሁሉ የሚያምረው ከዚያ ሲታይ ነው።

ምሳ ካላችሁ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። እኛ የሄድነው ረቡዕ ስለነበር ጾመኞች ነበርን። ዳቦ ቆርጬ፣ ጎመንና ቲማቲም በቃሪያ ሠርቼ ያዝኩ። ቡናውን በፔርሙዝ። ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ በላን። ሬስቶራንት ብንገባ እንደዚያ አንቀመጥም ነበር። ቅዳሜ ስለሆነላችሁ እናንተ ጥብስም ፍርፍርም መያዝ ትችላላችሁ። ጣፋጭ ነገር ከፈለጋችሁ አሮጌው ከተማ ውስጥ ካፌ ሞልቷል፤ ለኬኩና ለቡናው ብቻ ግቡ። በጾም ቀን የምትሄዱ ሌሎቻችሁ ደግሞ «ብራትካርቶፈልን» የሚባለው የተጠበሰ ድንች፣ ድንች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ጣል ይደረግበታል፤ ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ሰብለ ከኦፈንባህ

ፍርፍሩን እኔ እሠራለሁ፣ ቡናውን እሱ ያፈላል ተባብለናል። ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት አካባቢ ከሃውፕትባንሆፍ እንነሳለን። ለመመለስስ ስንት ሰዓት ይሻላል?

የአቤል እናት

ከሰዓት በእኛ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከሊምቡርግ ብትነሱ ኦፈንባህ ከ2 ሰዓት በፊት በእርጋታ ትገባላችሁ፤ አንድ ባቡር ቢያመልጣችሁም ቀጣዩ ያደርሳችኋል። አርብ ማታ መተግበሪያውን ድጋሚ እዪው። ቅዳሜና እሁድ የሐዲድ ጥገና ሲኖር በከፊል መንገዱ ላይ በአውቶቡስ ይተካል፤ ያኔ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ። የሙዚየሙንም መክፈቻ ሰዓት በዚያው እግረ መንገድሽን ከድረ ገጹ እዪ።